ፍሪዘር ባክቴሪያን አይጨርስም፤ ስለ በረዶ ሌሎችም ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ብዙዎቻችን በረዶ የምናውቀው በፍሪዘር ነው። የመጀመሪያው ስህተትም እዚያው ነው።

«በረዶ ባክቴሪያን ይገድላል።» የተወሰነውን ይገድል ይሆናል፤ አብዛኛውን ግን ያቆመዋል። ከአሞራ ገደል የገዛችሁትን የቆሮሶ ፊሌቶ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ብታስቀምጡት የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች መራባት ያቆማሉ። መብራት ሄዶ ዓሣው ሲለሰልስ ግን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ቀልጦ ያደረን ዓሣ መልሶ ማቀዝቀዝ አያድነውም። ላቦራቶሪዎች እንኳ ባክቴሪያን ለዓመታት የሚያቆዩት ግሊሰሪን ጨምረው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ነው።

«በበረዶ ውስጥ ያለ ሁሉ ተኝቷል።» ይሄም አይደለም። በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዓመቱን ሙሉ ከማይቀልጥ አፈር በላይ ካለው፣ በበጋ ከሚቀልጥ ንብርብር የተገኘ ፕላኖኮከስ ሃሎክሪዮፊለስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይራባል! በበረዶው መሃል ጨው የበዛበት ቀጭን ውሃ ሳይረጋ ይቀራል፤ ኑሮው እዚያ ነው።

«የተራራ ግግር በረዶ ንጹሕ ነው።» ጠጋ ብሎ ላየው ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶታል። ነፋስ ያመጣው አቧራ የፀሐይ ሙቀት ይስባል፣ ከሥሩ ያለውን በረዶ እያቀለጠ ይሰምጣል፣ ውሃ ያቆረች ትንሽ ጉድጓድ ይፈጥራል። ውስጧ ባክቴሪያ፣ አልጌና በዓይን የማይለዩ ባለ ስምንት እግር እንስሳት ይኖራሉ። አቧራውን ክሪዮኮናይት ያለው ስዊድናዊው አሳሽ ኖርደንሾልድ ነው፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ግሪንላንድ ላይ። በረዶን ቀይ የሚያደርግ አልጌም አለ። ለዓይን ያምራል፤ ቀለም የያዘ በረዶ ግን ቶሎ ይቀልጣል።

«ከቀለጠ ወረርሽኝ ይፈጀናል።» እዚህ ላይ ፊልም በዝቷል። እርግጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ ያማል ውስጥ አባሰንጋ ተነስቶ ከ2,000 በላይ አጋዘኖች ሞቱ፣ አንድ ልጅም ሞተ። ምክንያቱ የቀለጠ አፈር እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ካርቦኑ ነው። የሰሜኑ ቀዝቃዛ አፈር በአየር ላይ ካለው ሁለት እጥፍ ገደማ ካርቦን ይዟል። ሲቀልጥ ባክቴሪያዎቹ በልተው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ያደርጉታል።

«እኛን ምን አገባን?» ኢትዮጵያ ዛሬ ግግር በረዶ የላትም። የባሌው ሳነቴ አምባ ግን በበረዶ ዘመን ግግር ነበረበት፤ አሁንም ሌሊት አፈሩ ይረጋል፣ ረፋድ ላይ ይቀልጣል። ለሕዋስ እንዲህ መመላለስ ከቋሚ ቅዝቃዜ ይከብዳል። ስለዚህ በካናዳው ባክቴሪያ የታየውን እንዳለ ወደ ባሌ ማምጣትም ሌላ ስህተት ነው።