በተዘጋ ፋብሪካ መሬት ላይ ሲገነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው ስህተት የመሬቱን ያለፈ ታሪክ ሳይጠይቁ መረከብ ነው። በአሜሪካ ናያጋራ ፎልስ ከተማ ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1953 ድረስ 21,000 ቶን ገደማ መርዛማ ቆሻሻ ላቭ ካናል በሚባል ቦይ ውስጥ ቀበረ። ከዚያም አፈር አልብሶ ቦታውን ለትምህርት ቦርዱ በአንድ ዶላር ሸጠው። ከሥር ኬሚካል እንዳለ በሽያጭ ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር! ሆኖም ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ ዙሪያውን ሰው ሰፈረ፤ ለመንገድና ለፍሳሽ መስመር ሲቆፈር የሸክላ አፈሩ ክዳን ተበሳ። ዝናብ በበዛ ጊዜ የዛጉ በርሜሎች ከመሬት ብቅ አሉ፤ መርዙ ወደ ጓሮና ወደ ምድር ቤት ሰረገ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር አስቸኳይ ሁኔታ አወጁ፤ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ለቀው ወጡ።

ስለዚህ ሰነዱን እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ። በፋብሪካው የሠሩ ጡረተኞችንም ፈልገው ያነጋግሩ፤ ዝቃጩ የት ይደፋ እንደነበር ከማንኛውም ካርታ በላይ ያውቃሉ። ቦታው ቆዳ ፋብሪካ ከነበረ ክሮሚየም፣ ጋራዥ ከነበረ የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ እርሳስ ይመርመር።

ሣር ስለበቀለ አፈሩ ድኗል ማለትም ስህተት ነው። በሲያትል የቀድሞው የጋዝ ፋብሪካ በ1975 መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። አፈሩን ባክቴሪያ እንዲያጸዳው የፍሳሽ ዝቃጭና የእንጨት ብናኝ ተቀላቅሎበት ነበር፤ ብልህ ሥራ ነው። ቢሆንም በ1984 ለምርመራ ለጊዜው ተዘጋ። ክትትሉ ከምረቃው በኋላም ለዓመታት በጀት ሊያዝለት ይገባል።

ሁሉንም አፍርሶ ከባዶ መጀመር ደግሞ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ነው። በጀርመን ዱይስበርግ በ1985 የተዘጋው የብረት ማቅለጫ ምድጃዎቹ እንደቆሙ መናፈሻ ሆኗል። የጋዝ ማጠራቀሚያው ውኃ ተሞልቶ ጠላቂዎች ይለማመዱበታል፤ በማዕድን ማከማቻዎቹ ወፍራም ግንቦች ላይ ተራራ ወጪዎች ይንጠላጠላሉ። ብረት ሲያቀልጥ የኖረ ሰው የልጅ ልጁን ይዞ ሄዶ «እዚህ ነበር የምቆመው» ማለት ይችላል።

በመጨረሻም ጎረቤቱን መርሳት አለ። የኒው ዮርኩ ሃይ ላይን፣ የተተወው የባቡር ድልድይ፣ በ2009 መናፈሻ ሆኖ ሲከፈት በአካባቢው የቤት ዋጋ አሻቀበ። ለዓመታት ጭሱን የተነፈሱ ሰዎች አየሩ ሲጠራ በኪራይ ውድነት ከሰፈራቸው እንዳይወጡ፣ አቅማቸው የሚችለው ቤት በፕላኑ ውስጥ ከቁፋሮው በፊት ይካተት።