የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጎሚኒ ስትቀይሩ እነዚህን አትሥሩ

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። የአሮጌ ካምቢዮ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) ማለቁ የሚታወቀውም ያኔ ነው። ባለመኪናው "ዲ ላይ አደርገዋለሁ፣ ዝም! ሲሞቅ ግን ሸጋ ነው" ይላችኋል። መጀመሪያ የዘይቱን ልክ እዩ፤ ዘይት ሲያንስም እንዲሁ ያደርጋል። ዘይቱ ልክ ከሆነ ጎሚኒው እንደ ቀንድ ደርቋል። በብርድ ዘይት ያሳልፋል፣ ሲሞቅ ትንሽ ለስልሶ ይይዛል። ቀን ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብትሞክሩት ምንም የለበትም። ስለዚህ መኪናውን አሳድራችሁ ጠዋት አስነሱት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ካምቢዮ ውስጥ ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም ጉልበት የሚያስተላልፉትን ስስ ሳህኖች፣ በዘይት ግፊት የሚጨምቀው ፒስተን ነው። የፒስተኑ ጎሚኒ ከንፈር አለው። ከንፈሩ የሚያየው ግፊቱ ወደሚመጣበት ነው። ዘይቱ ከንፈሩን ገፍቶ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ገልብጣችሁ ካስገባችሁት ዘይቱ ከንፈሩን አጥፎ ያልፋል፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ስንቴ ልናገር? አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት! ስልኩ ለቲክቶክ ብቻ አልተገዛም። በትክክል ካስገቡ በኋላ ደግሞ ፒስተኑን በካቻቢቴ እየገፉ የሚጨርሱ አሉ። ከንፈሩ ይቆረጣል፣ ከውጭ አይታይም። ቫዝሊን ቀቡት። ጠርዙ በለሰለሰ ቀጭን ላሜራ ከንፈሩን ዙሪያውን ወደ ውስጥ ሰብስቡ፤ ፒስተኑን በእጅ ብቻ እያዞራችሁ አስገቡ።

እኔም ገና ጀማሪ ሳለሁ በካቻቢቴ ገፍቼ አውቃለሁ። አሮጌ ቶዮታ ነበር። ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ሄደ። ከደብረ ሲና ጭኖ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይነቃነቅም። ባለመኪናው ሽማግሌ ደወሉ፤ "አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው የሰጠኸኝ?" ካምቢዮውን እንደገና አወረድኩ፣ በነጻ። ከንፈሩ የጥፍር ያህል ተቆርጦ ነበር።

ግራሶ አትቀቡ። ቫዝሊን በዘይቱ ውስጥ ይቀልጣል፤ ግራሶ ግን ማጣሪያና ቫልቭ ይደፍናል።

ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ የተገዛ ጎሚኒ ልኩ ቢገጥምም ለካምቢዮ ትኩስ ዘይት አልተሠራም።

የፊት ፓራኦሊዮ (ዘይት ወደ ውጭ እንዳይፈስ የሚይዘው ክብ ጎሚኒ) ቀይራችሁ አሁንም ያፈስሳል? በጥፍራችሁ የቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈውን) አንገት ዳስሱት። ቦይ ከያዘ፣ ወይም የፖምፓው ቡሺንግ ከተበላ፣ አሥር ፓራኦሊዮ ብትቀያይሩ ለውጥ የለውም።

አዲስ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ሳይነከር አይገባም።

ከመዝጋታችሁ በፊት በየዘይት ቀዳዳው አየር ስጡ፤ ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ ይበቃል። ፒስተኑ "ጧ" ብሎ ከያዘ እሰየው። ትንሽ ትንፋሽ ዘይት የሚይዙት ቀለበቶች ነው፣ አትደንግጡ። "ሽሽሽ" እያለ ካልያዘ ግን ፍቱት። የኮምፕሬሰሩን ውሃ ደግሞ አስቀድማችሁ አፍስሱ።