ድመታችሁ ስኳር አለባት ተባላችሁ? የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዲህ ያዙት

ቡኒ የምትባለው ድመቴ ውኃ መጠጣት ስታበዛ በሙቀቱ አሳበብኩ። ጁላይ ነበር፣ ሜሪላንድ ደግሞ በጁላይ ያቃጥላል። ከዚያ የሽንት አሸዋዋ ውስጥ የሚረጋው ጓል ብርቱካን ማከል ጀመረ። በደንብ እየበላች ከሳች። የኋላ እግሮቿን ተረከዝ መሬት እያስነካች ስትራመድ ሳይ ነው ሐኪም ጋ የወሰድኳት። ስኳር ነው አሉኝ። 11 ዓመቷ ነበር።

ያን ቀን ኢንሱሊንና ሲሪንጅ አስይዘው ሲሸኙኝ ብዙ ነገር በችኮላ ተነገረኝ፣ ግማሹን ቤት ሳልደርስ ረሳሁት። ስለዚህ ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን በቅደም ተከተል እጽፍላችኋለሁ። ከሁሉም በፊት ግን ይቺን ያዙልኝ። ከፍ ያለ ስኳር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው። ዝቅ ያለ ስኳር ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መውጋት አለመውጋታችሁን ከተጠራጠራችሁ፣ መርፌውን አቆዩትና ሐኪሙ ጋ ደውሉ።

1. ኢንሱሊኑና ሲሪንጁ መግጠማቸውን እዩ

ይሄ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ድመት የሚሞትበት ስህተት ነው። ካኒንሱሊን (አሜሪካ ውስጥ ቬትሱሊን የሚባለው) እና ፕሮዚንክ የሚባሉት የእንስሳት ኢንሱሊኖች ዩ-40 ናቸው፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) አለ። ላንተስ (Lantus) የሚባለው ደግሞ የሰው ኢንሱሊን ነው፣ ዩ-100። ሲሪንጆቹም እንደዚሁ የተለያዩ ናቸው። ላንተስን በዩ-40 ሲሪንጅ ከቀዳችሁ፣ መስመሩ ላይ 1 ዩኒት ያያችሁት በእውነት 2.5 ዩኒት ነው። ስለዚህ ፋርማሲው የሰጣችሁን ካርቶን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥርና ሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ካልሆነ አትቀበሉ።

ብዙ ድመቶች የሚጀምሩት በ1 ዩኒት አካባቢ ነው፣ በየ12 ሰዓቱ። ከዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለ 10 ሚሊ ሊትር የላንተስ ጠርሙስ 1000 ዩኒት አለው፣ ድመታችሁ በወር የምትፈልገው 60 ያህል ነው። ትልቁን ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ባለ 3 ሚሊ ሊትሩ ፔን (እንደ እስክሪብቶ የተሠራው የኢንሱሊን መያዣ) ሐኪሙን ጠይቁት። ለኪስም ይሻላል።

አያያዙ ይለያያል። ላንተስ እንደ ውኃ የጠራ ነው፣ ከደፈረሰ ይጣል። ፕሮዚንክ በመዳፍ መሃል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል እንጂ አይነቀነቅም። ቬትሱሊን ግን ወጥ ወተት እስኪመስል ይነቀነቃል። ሁሉም ፍሪጅ ይገባሉ፣ ግን ፍሪዘር አጠገብ አታስጠጓቸው፣ አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ አይሠራም። አዲስ አበባ ሆናችሁ መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ላንተሱ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ክፍል ውስጥ ይቆያል።

2. ምግቡን ቀይሩ፣ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አይሁን

ድመት ሥጋ በል ናት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ወተት ይቁም። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ እንጀራ በወጥ አጥቅሶ ለድመት መወርወር የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንጀራው ስኳሯን ይጨምራል፣ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ስኳር ባይኖርባትም የድመትን ደም የሚያበላሽ መርዝ ነው። ለእንግዶቻችሁ በግልጽ ንገሩ።

የሚሻለው ፕሮቲኑ ብዙ፣ ካርቦሃይድሬቱ ትንሽ የሆነ የቆርቆሮ እርጥብ ምግብ ነው። መረቅ የበዛበትን ትታችሁ ልሙን፣ ድፍኑን ምረጡ፣ መረቁ ብዙ ጊዜ በዱቄት ነው የሚወፍረው። ደረቁ ምግብ ቅርጽ እንዲይዝ ስታርች ይገባበታል።

አሁን ጥንቃቄው። ኢንሱሊን እየወሰደች ምግቧን በአንድ ቀን ብትቀይሩት ስኳሯ ሊወድቅ ይችላል፣ ምክንያቱም ትናንት ልክ የነበረው ዩኒት ዛሬ ይበዛባታል። ቀስ አድርጉት፣ ሐኪሙም ይወቀው። ወፍራም ከሆነች ደግሞ እንዳታስርቧት። ለቀናት ያልበላች ድመት ጉበቷ ይታመማል።

3. ሰዓት ምረጡ

እኔ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት አደረግሁት። ሥራ ስገባና ስመለስ ይመቸኛል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ምግብ፣ መብላቷን ማየት፣ ከዚያ መርፌ። ካልበላች ወይም ካስመለሳት አትውጉ፣ ደውሉ። አንዱን ከዘለላችሁት ቀጣዩን እጥፍ አታድርጉ። በጭራሽ።

4. መርፌው

የፈራሁት ይሄን ነበር፣ ሆኖ ሲገኝ ግን ከሁሉም የቀለለው ሆነ። መርፌው ቀጭን ነው፣ ቡኒ እየበላች ስወጋት ቀና እንኳ አትልም። ከጎኗ ወይም ከትከሻዋ ጀርባ ቆዳዋን በሁለት ጣት ከፍ አድርጉ፣ ድንኳን ይመስላል። መርፌውን ከድንኳኑ ሥር አስገቡ፣ ግፉ፣ አውጡ። በሌላኛው በኩል እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። ቦታውን በየቀኑ ቀያይሩ። ሐኪሙ ጋ ሳላችሁ በንጹሕ የጨው ውኃ እፊቱ ተለማመዱ፣ አያሳፍሯችሁም፣ ያለማምዷችኋል።

ጸጉሯ ረጥቦ ካገኛችሁት ምናልባት ውጭ ፈሷል። ምን ያህል እንደገባ ስለማታውቁ አትድገሙ። እስከ ቀጣዩ ሰዓት ይቆይ። ያገለገለውን ሲሪንጅ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱ፣ ቆሻሻ የሚያነሱትን ሰዎች እንዳይወጋ።

5. ቤት ውስጥ ለኩ

ድመት ክሊኒክ ስትገባ በፍርሃት ብቻ ስኳሯ ይወጣል። ስለዚህ የቤት ልኬት የበለጠ እውነቱን ይናገራል። የጆሮዋን ጠርዝ በሞቀ ጨርቅ ያዝ አድርጉ፣ ከጠርዙ ጋር የምትሄደው ቀጭን ደም ሥር ትታያለች፣ እሷ አጠገብ ወጋ አድርጉ። የደሟን ጠብታ ስኳር መለኪያው ላይ ወደሚሰካው ስትሪፕ አስጠጉ። ለእንስሳት የተሠራ መለኪያ ይሻላል። የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር ብዙ ጊዜ ከእውነቱ አሳንሶ ያነባል። የትኛውንም ብትጠቀሙ አትቀያይሩት፣ ሐኪሙም የትኛው እንደሆነ ይወቅ።

አንድ ቁጥር አይታችሁ ራሳችሁ ዩኒት አትጨምሩ። መለኪያው ላይ 350 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ሳይ እጄ ይነሣ ነበር፣ እመኑኝ፣ ከባድ ነው። ግን የኢንሱሊን ልክ የሚወሰነው በብዙ ቀን ጽሑፍ ነው። ደብተር ያዙ፦ ሰዓት፣ ምን ያህል በላች፣ ስንት ዩኒት፣ ውኃ፣ ስኳር። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያያታል፣ ፍሩክቶሳሚን የሚባል ምርመራም ያደርግ ይሆናል፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት ስኳር በአማካይ ያሳያል። ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ።

6. ስኳሯ ከወደቀ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ አብሯችሁ ለሚኖረውም ሰው አንብቡለት።

ከ60 በታች አደጋ ነው። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ስትራመድ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ድንገት በጣም ይርባታል ወይም ዓይኗ አንድ ቦታ ፈጦ ይቀራል። ከባሰ ትወድቅና ትንፈራገጣለች። መብላት ከቻለች ወዲያው ምግብ አቅርቡ። ካልቻለች ማር። በጣታችሁ ትንሽ ማር ድዷ ላይ ቀቡ። ጉሮሮዋ ውስጥ አታፍስሱ፣ ወደ ሳንባ ይገባል። እየተንፈራገጠች ከሆነ ጣታችሁን በጥርሷ መሃል አታስገቡ፣ የከንፈሯን ውስጥ ብቻ ንኩ። ማሩ ስላነቃት ቤት አትቅሩ፣ ኢንሱሊኑ ገና እየሠራ ስለሆነ ተመልሳ ልትወድቅ ትችላለች። በመንገድ ላይ እየቀባችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ቡኒ አንድ እሑድ ጠዋት እንዲህ ሆነች። ከጎረቤት ቤት የመጣ ማር ማጀት ውስጥ ስለነበረ ነው የደረስኩላት። ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ማር ፍሪጁ ላይ፣ አንድ ደግሞ መኪና ውስጥ አለ።

ሌላኛው አደጋ በተቃራኒው ነው። የማትበላ፣ የምታስመልስ፣ የደከመች፣ ቶሎ ቶሎ የምትተነፍስ ከሆነ ኬቶን የሚባል አሲድ ደሟ ውስጥ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ነገ አይባልም፣ ያኑ ቀን ሐኪም።

ስለ አዲሶቹ የአፍ መድኃኒቶች

አሜሪካ ውስጥ በ2022 ቤክሳካት የሚባል ክኒን፣ በ2023 ደግሞ ሴንቬልጎ የሚባል ፈሳሽ ተፈቅደዋል። በቀን አንዴ በአፍ ይሰጣሉ። መርፌ ለሚያቅተው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን ኢንሱሊን ወስዳ ለምታውቅ ድመት አይሆኑም፣ ስለዚህ ጥያቄው የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት መነሣት አለበት። ስኳሯ ልክ ሆኖ እያለ እንኳ ያ አሲድ ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ አይቀንስም።

አንድ የምሥራች አለ። የድመት ስኳር ከሰው ሁለተኛው ዓይነት ጋር ይቀራረባል። በጊዜ ከተጀመረና ምግቡ ከተስተካከለ አንዳንድ ድመቶች ኢንሱሊን የማያስፈልጋቸው ጊዜ ይመጣል። ይሄ ሲሆን ደብተሩ ላይ ቁጥሩ እየወረደ ታዩታላችሁ፣ ያኔ ሐኪሙ ዩኒቱን በትንሽ በትንሹ ይቀንሳል። ራሳችሁ አታቁሙ። ቡኒ እዚያ አልደረሰችም፣ አሁንም ጠዋትና ማታ 1 ዩኒት ትወስዳለች። ግን በሦስተኛው ወር ተረከዟ ከመሬት ተነሣ፣ በአራተኛው ወር መስኮቱ ላይ ዘላ ወጣች።