ሁለት የጨው ሶሉሽን ስንቀላቅል ፕሪሲፒቴት (ሳይሟሟ የሚዘቅጥ ጠጣር) ይወጣል ወይስ አይወጣም? በቁጥር እንየው

እዚህ ጎንደር ለኢንትራንስ የምትዘጋጁ የ12ኛ ክፍል ልጆች፣ ይቺን ጥያቄ ብዙ ተማሪ የሚስታት ኬሚስትሪው ከብዶት ሳይሆን ሁለት ቦታ ላይ ስለሚቸኩል ነው።

100 ሚሊ ሊትር 0.03 ሞላር ሌድ ናይትሬት ላይ 100 ሚሊ ሊትር 0.03 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ጨመርን እንበል። መጀመሪያ አዮኖቹን አቀያይሯቸው፣ ሶዲየም ናይትሬትና ሌድ ክሎራይድ ይመጣሉ። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ አሞኒየም ወይ ናይትሬት ካለበት ይሟሟል ብላችሁ እለፉት፣ ስለዚህ የምንጠረጥረው ሌድ ክሎራይድን ብቻ ነው።

አሁን ረጋ በሉ። ሲቀላቀሉ 200 ሚሊ ሊትር ሆነዋል፣ ስለዚህ 0.03 የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም 0.015 ናቸው። ቮልዩማቸው እኩል ካልሆነ ግን ግማሽ ማድረግ አይሰራም፣ የየራሳቸውን ኮንሰንትሬሽን በቮልዩማቸው አባዙና ለጠቅላላው አካፍሉ። ከዛ ኪው (Q፣ አሁን ያሉት አዮኖች ኮንሰንትሬሽን ሲባዛ)፦ ሌድ ክሎራይድ ውስጥ ክሎራይዱ ሁለት ስለሆነ ስኩዌር ይደረጋል፣ 0.015 × (0.015)² = 3.4 × 10⁻⁶ ይመጣል። ኬኤስፒው (Ksp፣ ኪው ሲያልፈው ጠጣር የሚወጣበት ወሰን) 1.7 × 10⁻⁵ ነው፣ ኪው አነሰ፣ ምንም አይወጣም፣ ቢከሩ ጥርት እንዳለ ይቀራል። ግማሽ ማድረጉን ብትረሱ ግን 2.7 × 10⁻⁵ ይመጣና ይወጣል ትላላችሁ፣ ስኩዌሩን ብትረሱም እንደዛው። ሌድ ክሎራይድ አይሟሟም የሚለውን ሰንጠረዥ ብቻ አይቶ መመለስም አያዋጣም! ደግሞ ክሎራይዱን በሁለት እንዳታባዙት፣ የመጣው ከሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ ከካልሲየም ክሎራይድ ቢሆን ነበር የሚባዛው።

አሁን ሶዲየም ክሎራይዱን በዛው መጠን ፖታሲየም አዮዳይድ ቀይሩት። ኪው ያው ነው፣ የሌድ አዮዳይድ ኬኤስፒ ግን ወደ 8 × 10⁻⁹ ስለሆነ ኪው በጣም በለጠ፣ ወዲያው እንደ እርድ የደመቀ ቢጫ ይወጣል። ላብራቶሪ የምትገቡ ካላችሁ አሙቁትና እዩት፣ ብዙው ይሟሟና ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ቅንጣት ሆኖ ይመለሳል፣ በጣም ነው የሚያምረው። ኬኤስፒ ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ ነው፣ ጥያቄ ላይ የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ የ25 ዲግሪው ነው፣ የጎንደር ጠዋት ደግሞ ከዛ ይበርዳል፣ ስለዚህ ኪውና ኬኤስፒ በጣም ከተቀራረቡ በእጃችሁ ስትሰሩት ሌላ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ።

ሌድ መርዝ ነው፣ ሲንክ ውስጥ አትድፉት፣ ለብቻው ዕቃ አጠራቅሙትና ለላብራቶሪ ኃላፊው አስረክቡ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።