ልክ ጽፎ ማርክ ማጣት፦ የቢዝነስ ኬዝ ስተዲ ጥያቄዎች ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ትምህርቱን ለያዘ ተማሪ ነው። ትርጓሜዎቹን ያላጠና፣ የትርፍና የብሬክ ኢቭን (ትርፍም ኪሳራም የሌለበት የሽያጭ መጠን) ቀመሮችን የማያውቅ መጀመሪያ ወደ ደብተሩ ይመለስ፤ ያንን የሚተካ ዘዴ የለም። የሚያሳዝነው አጥንቶ የገባው ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ ወረቀቱ ሲመለስ ከ12 ማርክ 4 ያገኛል፤ ምን እንዳጠፋም አይገባውም።

ለሁሉም የሚያገለግለን አንድ ኬዝ፣ ማለትም ጥያቄ የሚወጣበት የድርጅት ታሪክ፣ እንያዝ። የትምህርት ቤት ቦርሳ የሚሰፋ አነስተኛ ድርጅት አለ። 12 ሰፊዎች አሉት። ከዓመት ሽያጩ 70 በመቶው የሚገኘው ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ነው። ትልልቆቹ ደንበኞቹ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ዕቃውን ተረክበው በ60 ቀን ይከፍላሉ። ጨርቅ አቅራቢው ግን ቅድሚያ ጥሬ ገንዘብ ካልተቀበለ አያስረክብም። ሁለት ማሽኖች እየተበላሹ ሥራ ያስተጓጉላሉ። ባለቤቷ በባንክ ብድር አዲስ ማሽን ልግዛ ወይስ በሥራ ወቅት ብቻ ልከራይ እያለች ታመነታለች። ጥያቄው፦ «ሁለቱን አማራጮች ገምግሙ፤ የትኛው ይሻላል? (12 ማርክ)»

ምልክት፦ «የጻፍኩት ሁሉ ልክ ነው፤ ማርኩ ግን ግማሽ አልሞላም»

በእርማት ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ስለሆነ ጊዜ ወስደን እንየው።

ምክንያቱ መልሱ ኬዙን አለመንካቱ ነው። የኬዝ ስተዲ ማርክ በአብዛኛው ለአራት ይከፈላል፦ ለእውቀቱ፣ እውቀቱን ከኬዙ ጋር ለማገናኘቱ፣ ለትንተናው፣ በትልልቆቹ ጥያቄዎች ላይ ደግሞ ለውሳኔው። ኬዙን ሳይነካ የተጻፈ መልስ የመጀመሪያዋን ድርሻ ይዞ ይቀራል። ሦስት ገጽ ቢሆንም ከዚያ አያልፍም። አራሚው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያርምበት መመሪያ የቀሩትን ማርኮች የሚሰጥበት ቦታ አላገኘም።

እንዲህ ያለውን መልስ ተመልከቱ፦

«የባንክ ብድር ጥቅሙ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማስገኘቱ ነው። ጉዳቱ ወለድ ያለው መሆኑ ነው። ኪራይ ደግሞ መነሻ ወጪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ንብረቱ የራስ አይሆንም። ስለዚህ ድርጅቱ አስቦ መወሰን አለበት።»

ስህተት የለበትም። ግን ይህን መልስ አንስታችሁ ስለ ሆቴል፣ ስለ ማተሚያ ቤት ወይም ስለ ታክሲ ማኅበር በተጠየቀ ጥያቄ ሥር ብታስቀምጡት እንዳለ ይሠራል። የመጀመሪያው ፍተሻ ይኸው ነው፦ የድርጅቱን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡ። መልሱ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ኬዙን አልነካም ማለት ነው።

ብዙ ተማሪ ይህን ምክር ሲሰማ ስሙን ጨምሮ ያርፋል፤ «ድርጅቱ» የሚለውን «የቦርሳ ድርጅቱ» ያደርገዋል። ይህ ኬዙን መንካት አይደለም፣ ማርክም አያስገኝም። ሌላው ደግሞ የኬዙን አንቀጽ ቁጭ አድርጎ ይገለብጣል፦ «ድርጅቱ 12 ሰፊዎች አሉት፣ ሁለት ማሽኖችም ይበላሻሉ»። አራሚው ኬዙን ያውቀዋል፤ መልሳችሁ አትንገሩት። ከሁሉ አታላይ የሆነው ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው። ቲዎሪው ይጻፋል፣ ከጎኑ የኬዙ መረጃ ይደረደራል፣ ሁለቱን የሚያስተሳስር «ምክንያቱም» ግን የለም። ላይ ላዩን ሲያዩት ጥሩ መልስ ይመስላል፤ ተማሪውም በዚህኛው ነው ክፉኛ የሚከራከረው።

መፍትሄው ከመጻፍ በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ ጥያቄዎቹን አንብቡ፣ ከዚያ ኬዙን። ስታነቡ ቁጥር፣ ጊዜ፣ የሰው ብዛት፣ የክፍያ ሁኔታና የባለቤቱን ፍላጎት አስምሩባቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ መረጃ ቢገለበጥ መልሴ ይለወጣል? የቦርሳው ሽያጭ ዓመቱን ሙሉ እኩል ቢሆን ኖሮ ማሽኑን መግዛት ይሻል ነበር፤ ስለዚህ «70 በመቶ በሁለት ወር» የሚለው መልሱን የሚወስን መረጃ ነው። ሰፊዎቹ 12 መሆናቸው ቀርቶ 14 ቢሆኑስ? ለዚህኛው ጥያቄ ምንም አይለውጥም፤ ተዉት። በኬዙ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የግድ መልሱ ውስጥ መግባት የለበትም።

ተመሳሳዩ ሐሳብ ኬዙን ሲነካ እንዲህ ይሆናል፦

«የብድሩ ክፍያ በየወሩ እኩል ነው፤ የድርጅቱ ሽያጭ ግን እኩል አይደለም። 70 በመቶው በሁለት ወር ውስጥ ስለሚሸጥ ለቀሪዎቹ አሥር ወራት የሚተርፈው 30 በመቶ፣ በአማካይ በወር 3 በመቶ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቶቹ በ60 ቀን ስለሚከፍሉ፣ ጨርቅ አቅራቢው ደግሞ ቅድሚያ ስለሚጠይቅ፣ ሽያጩ በደራበት ወቅት እንኳ ባለቤቷ እጅ ላይ ጥሬ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ድርጅቱ ትርፋማ ሆኖ ሳለ የብድር ክፍያ ሊያቅተው ይችላል።»

አንድ አንቀጽ ነው፤ ግን ከዚህ ኬዝ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም።

እዚህ ላይ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ስለሚሸጡት «የተዘጋጁ መልሶች» ማስጠንቀቅ ግድ ነው። ለማንኛውም ኬዝ እንዲሆኑ ተብለው ስለተጻፉ ለየትኛውም ኬዝ አይሆኑም። የሸመደደ ተማሪ ኬዙን የሚያነበው ያጠናውን የሚያራግፍበት ቦታ ለመፈለግ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ያስታውቃል። ትርጓሜና ቀመር ሸምድዱ፤ ሙሉ መልስ አትሸምድዱ።

ምልክት፦ «ተንትን» በሚለው ላይ «ትንተና የለም» ተብሎ ይመለሳል

ምክንያት፦ ሁሉም ሐሳብ በአንድ ዝላይ «ትርፍ ይጨምራል» ላይ ይወድቃል። «ማስታወቂያ ይሠራል፣ ትርፍ ይጨምራል። ሠራተኛ ያሠለጥናል፣ ትርፍ ይጨምራል።» መሃሉ የት ሄደ?

መፍትሄው መሃሉን መጻፍ ነው። ማሽኑ ተተካ፤ በሥራ ወቅት የሚቋረጥ ስፌት የለም፤ የትምህርት ቤቶቹ ትዕዛዝ በቀጠሮው ይደርሳል፤ ትምህርት ቤቱ በሚቀጥለው ዓመትም እዚሁ ያዛል፤ ሽያጩ ይጸናል። እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው የሚወለድ መሆን አለበት። በሁለት ዓረፍተ ነገር መካከል «ስለዚህ» ብላችሁ አስገቡ፤ ካልገጠመ ዘላችኋል። ሁለት በሚገባ የተተነተኑ ሐሳቦች ከስድስት የተደረደሩ ሐሳቦች ይበልጣሉ። ጥያቄው «ሁለት ምክንያት» ካለ ደግሞ አምስት አትጻፉ። ብዙ መመሪያዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ያስቆጥራሉ፤ ምርጡ አራተኛ ላይ ከሆነ በከንቱ ቀረ።

ምልክት፦ «ገምግም» ወይም «ምከር» ላይ ከፍተኛው ማርክ አይገኝም

ምክንያት፦ ውሳኔ የለም። «ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው» ማለት ውሳኔ አይደለም። መደምደሚያው ላይ ከላይ የተጻፈውን በሌላ ቃል መድገምም እንዲሁ።

አንዱን ምረጡ። ለምን ከሌላው እንደበለጠ በኬዙ መረጃ አስረዱ፤ ከዚያ በምን ሁኔታ ሐሳባችሁ እንደሚለወጥ ተናገሩ። «ኪራይ ይሻላል፤ ማሽኑ የሚፈለገው ለሁለቱ የሥራ ወራት ስለሆነ በቀሪዎቹ አሥር ወራት ቆሞ ለሚውል ማሽን ዕዳ መክፈል አያስፈልግም። ይሁን እንጂ በዚያ ወቅት የኪራይ ማሽን ፈላጊ በዝቶ ዋጋው የሚንር ከሆነ፣ ወይም ድርጅቱ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ሌላ ምርት ከጀመረ፣ መግዛቱ ሊያዋጣ ይችላል።» የትኛውን እንደመረጣችሁ አራሚው ግድ የለውም፤ መግዛትን መርጦም ሙሉ ማርክ ማግኘት ይቻላል። ማርኩ ያለው ምክንያቱ ላይ ነው።

ምልክት፦ ስሌቱ ዜሮ ወይም ግማሽ ይገኝበታል

እዚህ ላይ ግዴለሽነቱ ይበዛል። ቦርሳው በ60 ብር ይሸጣል እንበል፤ የአንዱ ተለዋዋጭ ወጪ (ከምርቱ ብዛት ጋር የሚጨምረው) 36፣ የወር ቋሚ ወጪ (ተመረተም አልተመረተም የሚከፈለው) 24,000። ብዙ ተማሪ 24,000ን ለ60 አካፍሎ 400 ይላል። ስህተት ነው፤ የሚካፈለው ከአንድ ቦርሳ ለሚተርፈው፣ ማለትም ለ60 ሲቀነስ 36፣ ለ24 ነው። መልሱ በወር 1,000 ቦርሳ ነው። «ቦርሳ» እና «በወር» የሚሉትን መጻፍ አትርሱ። ቀመሩን፣ ቁጥሮቹን መተካቱን፣ መልሱን በየመስመሩ አሳዩ፤ መጨረሻው ቢሳሳት እንኳ የመንገዱን ማርክ ታገኛላችሁ። ባዶ «400» የጻፈ ግን ምንም የሚሰጠው የለም።

ስሌቱን ጨርሶ መሄድ ሌላው ጥፋት ነው። ቁጥሩን ወደ ኬዙ መልሱት። ድርጅቱ በዓመት 15,000 ቦርሳ ቢሸጥ 10,500ው በሁለቱ ወራት ነው፤ ቀሪው 4,500 ለአሥር ወር ሲካፈል በወር 450 ይሆናል። ስለዚህ ድርጅቱ አሥሩን ወር ከብሬክ ኢቭን በታች ነው፤ በየወሩ 13,200 ይከስራል። በሁለቱ ወራት ግን በየወሩ 102,000 ያተርፋል፤ ዓመቱ ሲዘጋ 72,000 ይተርፈዋል። የወሩን 1,000 ብቻ አይቶ «ድርጅቱ አይጠቅምም» ያለ ተማሪ ኬዙን አላነበበም።

ከትርፍ ምጣኔ (ትርፉ ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሆነ) ጋርም ተመሳሳይ ችግር አለ። በሌላ ኬዝ ሽያጭ ከ320,000 ወደ 400,000 አደገ፤ ጥቅል ትርፍ (ከሽያጭ የዕቃ መግዣ ዋጋ ብቻ ሲቀነስ) ከ96,000 ወደ 120,000፤ የተጣራ ትርፍ (የሥራ ማስኬጃ ወጪም ሲቀነስ) ግን ከ32,000 ወደ 20,000 ወረደ። የጥቅል ትርፍ ምጣኔው ያኔም አሁንም 30 በመቶ ነው፤ የተጣራው ከ10 ወደ 5 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ ጥፋቱ የዕቃ መግዣ ዋጋ ላይ አይደለም፤ ከ64,000 ወደ 100,000 የዘለለው የሥራ ማስኬጃ ወጪ ላይ ነው። «ርካሽ አቅራቢ ይፈልጉ» ብሎ የሚመክር መልስ ያልታመመውን ቦታ ያክማል። ከ10 በመቶ ወደ 5 በመቶ መውረድ ደግሞ «በ5 በመቶ ቀነሰ» አይባልም፤ ምጣኔው በግማሽ፣ ወይም በ5 ነጥብ፣ ቀነሰ ነው።

ምልክት፦ «በኬዙ የተጠቀሰውን መርህ ለዩ» ላይ ስሙ ይሳሳታል

ምክንያቱ የሚመሳሰሉ ጥንዶች ናቸው። ፈረንሳዊው የአስተዳደር ሊቅ ሄንሪ ፋዮል በ1916 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 14 የአስተዳደር መርሆዎች ውስጥ የትዕዛዝ አንድነትና የአቅጣጫ አንድነት ዘወትር ይምታታሉ። አንድ ሠራተኛ ከሁለት አለቃ ትዕዛዝ ሲቀበል የተጣሰው የትዕዛዝ አንድነት ነው፤ አንድ ግብ ያላቸው ሥራዎች ያለ አንድ ኃላፊና አንድ ዕቅድ ሲሄዱ የአቅጣጫ አንድነት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር አንድን ሠራተኛ በ8 ፎርማን ሥር ማድረጉ ከፋዮል የትዕዛዝ አንድነት ጋር እንደሚጋጭ አስታውሱ፤ ፈታኞች ይህን በኬዝ ውስጥ ደብቀው ማስገባት ይወዳሉ። ቅልጥፍና በትንሽ ወጪ መሥራት ሲሆን ውጤታማነት ግቡን መምታት ነው፤ ትዕዛዙን በሰዓቱ አድርሶ ጨርቅ ያባከነ ውጤታማ ነው፣ ቀልጣፋ ግን አይደለም። በስዎት ትንተና (ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድልና ስጋት የሚለዩበት) ድክመት ከውስጥ፣ ስጋት ከውጭ ነው፦ የሚበላሸው ማሽን ድክመት፣ አዲስ የመጣው ተወዳዳሪ ስጋት። ስሙን ከጻፋችሁ በኋላ ያመለከታችሁን የኬዙን ሐረግ በጥቅስ አስገቡ። እዚህ ላይ መጥቀስ ራሱ ማርክ አለው።

ምልክት፦ የመጨረሻው ትልቅ ጥያቄ ባዶ ይቀራል

ደቂቃውን ለማርክ አካፍሉ። በ90 ደቂቃ 80 ማርክ ከሆነ ለአንድ ማርክ አንድ ደቂቃ፣ 10ሩ ደቂቃ ለንባብ። የ2 ማርክ ትርጓሜ ላይ ግማሽ ገጽ መጻፍ ከ12 ማርኩ መስረቅ ነው። ጊዜው ካለቀባችሁ ውሳኔውንና ዋናውን ምክንያት በሁለት መስመር ጻፉ፤ መግቢያ አትጻፉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የጥያቄ ቁጥር ማሳሳት፦ መልሱ ልክ ሆኖ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት እዩ። «ለባለቤቷ» እና «ለሠራተኞቹ» የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ይለያያል። ጥሬ ገንዘብና ትርፍ አንድ አይደሉም፤ በዱቤ የተሸጠ ቦርሳ ትርፍ ውስጥ አለ፣ ካዝና ውስጥ ግን ገና አልገባም። ስለ ዋጋ ብቻ ሲጠየቅ አራቱንም የገበያ ቅይጥ ክፍሎች (ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ) የሚደረድር አሁንም አለ። ሠንጠረዡ ራስጌ ላይ «በሺህ» የሚል ካለ 45 ማለት 45,000 ነው፤ ይህን ያላየ ስሌቱን በሙሉ ልክ ሠርቶ መልሱን ሺህ ጊዜ ያሳንሳል።