ሣር ላይ ተቀምጣችሁ ሲምፎኒ ስትሰሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አገር ቤት ክረምቱ ሲገባ ዋሽንግተንና አካባቢው ሙቀት ነው። በዚህ ወቅት ከጓደኞቼ ጋር መሄድ የምወደው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ቪየና ከተማ አጠገብ ወዳለው ዎልፍ ትራፕ ነው። ቦታው ለመድረክ ጥበባት የተሰጠ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፊሊን ሴንተር የሚባለው ትልቁ መድረክ በ1971 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የተከፈተ ሲሆን ወደ 7,000 ሰው ይይዛል። ናሽናል ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በየበጋው እዚያ ይጫወታል። ከጣሪያው ሥር ወንበር አለ፤ ከኋላ ደግሞ ተዳፋት ሣር። ሣሩ ላይ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ትኬቱም ረከስ ይላል። ምሽቱን የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

በሐበሻ ቀጠሮ መሄድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከተባለ በ2 ሰዓት ይጀመራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ የምትነሱ ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ፣ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሣሩ ላይ ቁጥር ያለው መቀመጫ የለም፤ ቀድሞ የመጣ ይመርጣል። ስድስት ሆናችሁ አርፍዳችሁ ከደረሳችሁ አንድ ላይ የምትቀመጡበት ቦታ አታገኙም፤ ተበታትኖ መስማት ደግሞ አብሮ መሄድ አይባልም።

የሁሉንም ትኬት አንድ ሰው ስልክ ላይ አታስቀሩ። ያ ሰው ፓርኪንግ ሲፈልግ ሌላው በር ላይ ይገተራል። ለየሰዉ ቀድማችሁ ላኩ።

ሙሉ ማዕድ ይዞ መውጣት

ሐበሻ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ደግሞም ደስ ይላል። ግን ዶሮ ወጥ በድስት ይዞ ተዳፋት ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ማውጣት ለማንም አይመችም። ሳንቡሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቆረጠ ሐብሐብ ይበቃል። እንጀራ ካልበላን ካላችሁ ሽሮ ቀብታችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ በጉርሻ ልክ ቆርጣችሁ አምጡ።

ዋናው ነገር ሙዚቃው ሳይጀምር በልቶ መጨረስ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳውና ጣሪያው ድምፁን መልሰው ወደ ጆሮ ይልኩታል። ሜዳ ላይ ድምፅ ይበተናል። ለሣሩ ድምፅ ማጉያ ቢኖርም፣ ቫዮሊኖቹ ዝቅ ብለው ሲጫወቱ አጠገባችሁ የሚንኮሻኮሽ አንድ ፌስታል ይውጣቸዋል። ቆሎ እንኳ ሲቆረጠም ከፊታችሁ ያለው ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ ፌስታሉን ቤት ትታችሁ በጨርቅና በክዳን ዕቃ ያዙ። ጣሳ የምትከፍቱ ከሆነ ጭብጨባው ላይ ክፈቱት። ወሬውንም እንደዚያው፤ ከኮንሰርቱ በፊትና በዕረፍቱ የልባችሁን አውሩ።

ሙዚቃው ባቆመ ቁጥር ማጨብጨብ

ሲምፎኒ ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፤ በክፍሎቹ መካከል ዝም ይባላል። የቻይኮቭስኪ 6ኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል በታላቅ ድምፅ ስለሚዘጋ ብዙ ሰው አለቀ ብሎ ያጨበጭባል። ሐዘኑ ያለበት የመጨረሻው ክፍል ግን ገና አልመጣም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፊት ቆሞ ኦርኬስትራውን የሚመራውን ሰው እዩ። እጁን አውርዶ ወደ ሕዝቡ ካልዞረ አላለቀም።

ጓደኛችሁ ቀድሞ ቢያጨበጭብ ግን በፍጹም እንዳታሸማቅቁት። የዝምታው ልማድ ከራሱ ከሙዚቃው በኋላ የመጣ ነው። ሞዛርት በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ ሲጽፍ፣ ሲምፎኒው እየተጫወተ ሕዝቡ እንዳጨበጨበ በደስታ ይነግረዋል። በ1813 የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ ሕዝቡ ሁለተኛውን ክፍል አስደግሞታል። አንዴ የተሸማቀቀ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

“የፈረንጅ ነገር ነው” ብሎ መደምደም

ይህን የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው አዲስ አበባ ላይ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ እንዳቋቋሙ ንገሩት። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ በፒያኖ የደረሱትን ዛሬ ዓለም ይሰማዋል። ማሲንቆ ሲያለቅስ የሰማ ጆሮ ለቼሎ፣ ለዚያ ድምፀ ወፍራም ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ፣ እንግዳ አይሆንም።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ሙዚቃውን ሳያውቁ መሄድ ነው። የሚቀርበው ሥራ ምን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቃል። በሳምንቱ ውስጥ አንዱን ክፍል በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላኩት፤ መኪና ውስጥ ይስሙት። የሚያውቁት ዜማ ድንገት ከመድረክ ሲመጣ የሰው ፊት ሲበራ ታያላችሁ።

ሙቀት ነው ብሎ ቀሎ መሄድ

ፀሐይ ስትገባ ሣሩ ይረጥባል። ከሥር ውሃ የማያስገባ ምንጣፍ፣ ከላይ ጋቢ ያዙ። ለወባ ትንኝ የሚቀባም አትርሱ። መድረኩ ጣሪያ ስላለው ካፊያ ኮንሰርቱን አያስቆመውም፤ የምትረጥቡት እናንተ ናችሁ። ሣሩ ላይ ጃንጥላ መዘርጋት ግን ከኋላ ያለውን ሰው መጋረድ ነው፤ የዝናብ ልብስ ይሻላል። መብረቅ ከጀመረ ሠራተኞቹ የሚሏችሁን ወዲያው አድርጉ።

ስልክ

ጨለማ ውስጥ የአንድ ስልክ መብራት የስንቱን ዓይን ይስባል። አንድ ፎቶ ሳይጀመር ተነሱና ኪሳችሁ ክተቱት።

ፓርኪንግ ለመቅደም ሳያልቅ መነሳት

የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ ላይ መዘምራኑ የሚዘምሩት በአራተኛው፣ በመጨረሻው ክፍል ነው። ያን ጥሎ ወደ መኪና መሮጥ ምን ይሉታል? ሰልፉ እንደሆነ አይቀርላችሁም። ይልቅ ጭብጨባው ሲያልቅ ተቀመጡ፣ በፔርሙስ የያዛችሁትን ቡና ቅዱ፣ መኪናው እስኪቀል የሰማችሁትን አውሩበት። የሚነዳው ሰው መጠጥ ያልቀመሰ ይሁን፤ ማን እንደሆነም ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ።