ተውኔት እንዴት ይነበባል? ከሼክስፒር እንጀምር

ተውኔትን እንደ ልብወለድ ካነበባችሁት ይደርቅባችኋል። ብዙ ሰው ሼክስፒርን ጀምሮ የሚተወው ለዚህ ይመስለኛል። የቴአትር አዘጋጆች የሚያነቡት ግን በሌላ መንገድ ነው፤ እኛም ቤታችን ሆነን ልንሞክረው እንችላለን። ሐምሌትን ያዙ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል።

መጀመሪያ የግርጌ ማብራሪያውን ተዉትና አንድ ትዕይንት ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አብሯችሁ የሚያነብ ሰው ካለ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፈሉ።

ከዚያ በየንግግሩ ላይ ቆም እያላችሁ «ይሄ ሰው አሁን ምን ፈልጎ ነው?» በሉ። ከሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅና የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ ወዲህ ብዙ ተዋንያን ልምምድ ላይ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የሐምሌትን የመጀመሪያ መስመር እዩት። እኩለ ሌሊት ነው፣ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ፍራንሲስኮ ዘብ ቆሟል፣ በርናርዶ ሊተካው እየመጣ ነው። «ማነው?» ብሎ የሚጮኸው ታዲያ ማን ይመስላችኋል? ዘቡ አይደለም፣ መጪው ነው! በርናርዶ ያለፉትን ሁለት ሌሊቶች የሙት መንፈስ አይቷል፤ ተረኛው ሳይጠይቀው እሱ የሚቀድመው ፈርቶ ነው። ስለ መንፈሱ ገና አንድም ቃል አልተነሳም፣ ፍርሃቱ ግን ቀድሞ ገብቷል።

ቀጥሎ ንግግር ውስጥ የተደበቀ እንቅስቃሴ ፈልጉ፤ ሼክስፒር የመድረክ መመሪያ እምብዛም አይጽፍም። «ንጉሥ ሊር» በተባለው ሌላ ተውኔቱ ውስጥ ንጉሡ የሞተች ልጁ አጠገቡ ሆና፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ የልብሱን ቁልፍ እንዲፈቱለት ይለምንና ያመሰግናል። ያ በትእዛዝ ብቻ የኖረ ንጉሥ! ቁልፉን የሚፈታለት ማን ይሁን? እጁስ ይንቀጠቀጥ? ይህን አንባቢው ራሱ መወሰን አለበት።

መድረኩንም አስቡት። በ1599 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተከፈተው የሼክስፒር ቡድን ቲያትር ቤት፣ ግሎብ፣ ጣሪያው ክፍት ነበር፣ ትርኢቱም በቀን ብርሃን ነበር፤ ስለዚህ ጨለማው የሚመጣው በተዋናዩ አፍ ነው።

የምሁራኑን ማብራሪያ አሁን ክፈቱት፤ ጥያቄ ይዛችሁ ስትመጡ ይጣፍጣል። ለምሳሌ ንጉሥ ሊር በ1608 እና በ1623 እ.ኤ.አ. በታተሙት ቅጂዎች ይለያያል። የመጨረሻውን ንግግር በመጀመሪያው የሊር አማች አልባኒ፣ በሁለተኛው የመኳንንቱ የግሎስተር ልጅ ኤድጋር ይናገረዋል። ቀላል ነገር አይደለም፤ መጨረሻ የሚናገረው ሰው አገሩን ማን እንደሚረከብ ይጠቁማል። በሁለቱም ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡትና አንዱን ምረጡ፤ አዘጋጁም ልምምድ ከመጀመሩ በፊት መምረጥ አለበት።